ማርሚታው የወጣለት ፒካፕ፦ ችግርና መፍትሄ

ማርሚታ (የጭስ ቱቦውን ድምፅ የሚያፍነው ክፍል) አውጥቶ ቀጥ ያለ ቱቦ መበየድ ቀላል ሥራ ነው። ጣጣው የሚጀምረው በማግስቱ ነው። አደገኛው ይቅደም።

ካቢን ውስጥ ጭስ ይሸታል፣ ራስ ያማል

ቱቦው ካቢኑ ሥር ተቆርጦ ቀርቷል። መኪናው ሲሄድ ከኋላው የሚሽከረከረው አየር ጭሱን በኋላ መስኮትና በወለል ቀዳዳ ያስገባዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሽታው ቢጠፋም ጋዙ ሊኖር ይችላል። ቱቦው የኋላ ጎማውን አልፎ ከካሶኒው (ከኋላው የጭነት ሳጥን) ጠርዝ ውጭ ይውጣ። ያ እስኪሠራ መኪናውን አትንዱት፤ ካሶኒው ላይም ሰው አይጫን።

በ2,000 ዙር አካባቢ ጆሮ የሚደፍን ጉምታ

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ አይታወቅም፤ ወደ ጎንደር ሲኬድ ፎገራ ሜዳ ላይ ፍጥነቱ አንድ ቦታ ሲረጋ ነው የሚያሰለቸው። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 2,000 ዙር ሲሽከረከር በሰከንድ 67 ጊዜ ያህል ያቃጥላል። ይህ ወፍራም ድምፅ ከቱቦው ርዝመትና ከካቢኑ ጋር ሲገጥም ያጓራል። ጫፉ ላይ የሚያብረቀርቅ አፍ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። ማርሚታው በነበረበት ቦታ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ሬዞኔተር (ጉምታውን የሚቀንስ ትንሽ ማፈኛ) አስገቡ። ተርቦ (በጭሱ ኃይል ተሽከርክሮ ለሞተሩ አየር የሚገፋ) ያለው ናፍጣ ብዙ አያስቸግርም፤ ተርቦው ራሱ ድምፁን ይሰብረዋል። ቤንዚን ከሆነ ግን ያለ ሬዞኔተር ባትሞክሩት ይሻላል።

ዳገት ላይ ጉልበት አነሰው

«ጭሱ ካልታፈነ ሞተር ጉልበት አያገኝም» የሚባለው ልክ አይደለም። ቱቦው ከመጠን በላይ ሲሰፋ የጭሱ ፍጥነት ይቀንሳል፤ በዝቅተኛ ዙር ጉልበት የሚጠፋው ለዚህ ነው። ተርቦ ለሌለው 2.7 ሊትር ቤንዚን ሁለት ከሩብ ኢንች (57 ሚሊ ሜትር) ይበቃል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ራሱ ስስ ነው፤ ድሮም የነበረውን ድካም በማርሚታው አታሳብቡ።

እግር ከነዳጅ ሲነሳ ይተኩሳል

መጋጠሚያ ላይ አየር ይገባል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ቱቦው ውስጥ ይቀጣጠላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሱና የቱቦውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ያዙ፤ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ቀቡ። አረፋ ያወጣው መጋጠሚያ ነው ችግሩ። ጓርኒሲዮኑን (መጋጠሚያው መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) ቀይሩ፤ አሮጌውን ገልብጦ መግጠም አያዛልቅም።

ይንኳኳል

ቱቦው ሻንሲ ይነካል፣ ወይም ማንጠልጠያ ጎማው ደርቋል። ዙሪያውን ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍሬን ቱቦና ከኤሌክትሪክ ሽቦ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ስኮርት ጎማው ካሶኒው ሥር ከሆነ እሱንም እዩ፤ አዲሱ ቱቦ አጠገቡ ካለፈ ሙቀቱ ይጎዳዋል።

የቼክ ኢንጂን መብራት በራ

ማርሚታ ብቻ ሲወጣ ይህ መብራት አይበራም። ከበራ በያጁ ካታሊስቱንም (ጭሱን የሚያጣራውን ክፍል) ቆርጦታል፣ ወይም የኦክስጅን ሴንሰሩን ሽቦ ጎድቷል። ካታሊስቱ ወደ ቦታው ይመለስ። ከመበየድ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል።

ቱቦው ቶሎ ዛገ

በጣና ይሳበባል፤ ጣና ግን ጨው የለውም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወጣዋል፤ ከቤት ገበያ ብቻ የምትመላለስ መኪና ቱቦዋ ሳይግል ውሃው እዚያው ይቀራል። ለቱቦው የውሃ ቧንቧ አትጠቀሙ፤ የተለበጠበት ዚንክ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ በያጁን ያሳምማል። አሮጌውን ማርሚታ ከነፍላንጁ (ብሎን ከሚታሰርበት ጠርዙ ጋር) አስቀምጡት፤ ድምፁ ሲመርራችሁ በአራት ብሎን ይመለሳል።