የገጠር ውኃ ፕሮጀክትን በሰብአዊ መብት መርሕ እንዴት እንሥራ?

አንድ ድርጅት ገጠር ገብቶ ቦኖ ሲተክል ሥራው እንደ ውለታ ይቆጠራል፤ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ንጹሕ ውኃ ማግኘት ግን መብት መሆኑን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሐምሌ 2002 ዓ.ም. ላይ ዕውቅና ሰጥቶታል። በዚህ ስሌት ነዋሪው ባለመብት፣ መንግሥት ባለግዴታ፣ ድርጅቱ አጋዥ ነው።

በመጀመሪያ የሕግ መሠረታችሁን ያዙ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከወረዳው ጋር በምትፈራረሙት ስምምነት ላይ አንቀጹ ይጠቀስ።

ቀጥሎ ማን እንደቀረ ፈልጉ። ራቅ ባለ ጎጥ ያሉ ቤተሰቦች፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት፣ በክራንች የሚሄድ ወጣት፣ በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ ወረፋ ላይ ወደ ኋላ የሚገፉት ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ከቀበሌው ዝርዝር ላይ ላይገኙ ይችላሉ። ቤት ለቤት ዙሩ።

ብዙ ፕሮጀክት የሚበላሸው ስብሰባው ላይ ነው። በገበያ ቀን ይጠራል፣ ሊቀ መንበሩ ይናገራል፣ ጥቂት ወንዶች እጅ ያወጣሉ፣ አበል ተፈርሞ ይበተናል። ያ ተሳትፎ አይባልም። ሴቶችን ለብቻቸው፣ ውኃ ቀድተው በተመለሱበት ሰዓት፣ በሴት አወያይ አነጋግሩ። ደግሞም የጉድጓዱን ቦታ የከርሰ ምድር ጥናት እንደሚወስነው እያወቁ «የት ይቆፈር?» ማለት ሰውን መሸንገል ነው። ጥናቱ የፈቀዳቸውን ሁለት ሦስት አማራጮች ይዛችሁ ቅረቡ፤ ጉድጓዱ ከቦታው ባይነቃነቅ እንኳ ቦኖዎቹ የት እንደሚተከሉ ሕዝቡ ይምረጥ። ከውይይቱ በኋላ ንድፉ ላይ አንድም ነገር ካልተለወጠ ስብሰባው ለይስሙላ ነበር ማለት ነው።

ንድፉን በሚቀዳው ሰው ዓይን እዩት። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ «መሠረታዊ» የሚሉት አገልግሎት ወረፋን ጨምሮ ደርሶ መልስ ከ30 ደቂቃ የማይበልጠውን ነው፤ እኛ ጋ ግን ርቀቱ በካርታ ይለካና ወረፋው ይረሳል። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚበቃ መግቢያና 20 ሊትር ጀሪካን ከፍ አድርጎ ለማስቀመጥ የሚሆን መደብ ይኑር። መክፈል ለማይችሉ የሚሰጠው ነፃ አገልግሎት በውኃ ኮሚቴው መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ይጻፍ፤ በቃል ከቀረ ገንዘብ ያዡ ሲቀየር አብሮ ይቀራል።

በጀቱንና የተቋራጩን ስም ሰው በሚያልፍበት ቦታ፣ በአካባቢው ቋንቋ ለጥፉ። ቅሬታ ተቀባዩ ከውኃ ኮሚቴው ውጭ ይሁን፤ አለበለዚያ በኮሚቴው ላይ የሚነሳውን ቅሬታ ማን ይሰማል? ኬር የተባለው ዓለም አቀፍ የረድኤት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ማላዊ ውስጥ የጀመረው የማኅበረሰብ የውጤት ካርድም ይጠቅማል፦ ተጠቃሚውና አገልግሎት ሰጪው ለየብቻ ነጥብ ሰጥተው፣ ከዚያ ፊት ለፊት ተቀምጠው የማሻሻያ ዕቅድ ያወጣሉ።

ስትወጡ የርክክብ ሰነዱ ላይ የመለዋወጫና የጥገና ኃላፊነት የማን እንደሆነ በግልጽ ይስፈር። አንዱ ቅጂ ወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት፣ ሌላው ነዋሪው ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ።