64 ፎቶ በአንዴ ሲጎርፍ
ኮዬ ፈጬ ላለ አናጺ ወዳጄ የአልጋና የቁም ሳጥን ፎቶ ማሳያ ገጽ ስሠራ ሦስት ቀን በላብኝ። ገጹ ሲከፈት 64ቱም ፎቶ በአንዴ ይጎርፋል። የሞላሁት ፓኬጅ እልም!

ፎቶው ሊታይ ሲቃረብ ብቻ እንዲወርድ የሚያዘውን ሎዲንግ ሌዚ አስገብቻለሁ። ፎቶዎቹን ዌብፒ ወደሚባለው ቀላል የፎቶ ፎርማት ቀየርኩ፤ ቀለሉ እንጂ ጎርፉ አልቆመም። የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ጨመርኩ፣ ጭራሽ ባሰ።

ለካ የፎቶዎቹን ዊድዝና ሃይት (ስፋትና ቁመት) አልጻፍኩም! ፎቶው እስኪመጣ ቁመቱ ዜሮ ነው። ሁሉም እላይ ይጠጋጋሉ፤ ብራውዘሩም ሁሉም የሚታዩ ይመስለዋል። በየአይኤምጂው (ፎቶውን ገጹ ላይ በሚያስገባው ኮድ) ትክክለኛውን ስፋትና ቁመት በፒክስል ጻፍኩ፣ ሲኤስኤስ (የገጹ መልክ የሚጻፍበት ኮድ) ላይ ማክስ ዊድዝን 100 ፐርሰንት፣ ሃይትን ኦቶ አደረግሁ። በቃ።

የአንድን ፎቶ ትልቅና ትንሽ ቅጂዎች ከነስፋታቸው የሚዘረዝረውን ሶርስሴት ከተጠቀማችሁ ሳይዝስንም (ፎቶው ገጹ ላይ የሚይዘውን ስፋት) ጻፉ። ካልጻፋችሁ ብራውዘሩ ፎቶው የስክሪኑን ሙሉ ስፋት የሚይዝ መስሎት ትልቁን ይጎትታል።

አሁን የታችኞቹ አልጋዎች የሚመጡት ወደ ታች ስወርድ ነው።