የሃይብሪድ ሃይ ፕሬዠር ፓምፕ ከማስፈታታችሁ በፊት
ባሕር ዳር ሃይብሪድ ለምትነዱ፦ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ እንደገባችሁ፣ ሞተሩ ገና ትኩስ ሳለ፣ ቤንዚኑን በከፍተኛ ግፊት ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ሃይ ፕሬዠር የነዳጅ ፓምፕ አታስፈቱ። መስመሩ ውስጥ የታመቀው ቤንዚን ከ100 ባር ሊበልጥ ይችላል፤ ቆዳ ይበሳል። ደግሞ ሃይብሪድ ድምፁ ስለሌለ ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ዳሽቦርዱ ላይ «ሬዲ» (READY) የሚለው መብራት በርቶ ከሆነ ሞተሩ በራሱ ሊነሳ ይችላል። መጀመሪያ ግፊቱ ይለቀቅ፣ መኪናው ይጥፋ፣ ቁልፉ ይራቅ፣ የ12 ቮልት ባትሪው ነጋቲቭ ይፈታ። ብርቱካናማ ኬብል አይነካ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበት ነው።

አዲሱ ሲገጠም የካምሻፍቱ (ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው የሞተር ዘንግ) ጉብታ ፓምፑን የማይገፋበት ቦታ ላይ ይሁን፤ ብሎኖቹም እየተፈራረቁ ቀስ በቀስ ይጥበቁ፣ አለዚያ ፓምፑ ይጣመማል። ኦሪንጉን (ማሸጊያ የጎማ ቀለበቱን) እና የብረት ቱቦውን አዲስ ግዙ። የሞተር ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ይቀየር።

የፕሪየስ 1.8 ሞተር ግን ይህ ፓምፕ ጭራሽ የለውም፤ «ልቀይርልህ» የሚል ካለ የቱን እንደሆነ በእጁ ያሳያችሁ።