ከሐዋሳ ጅቡቲ፦ ማጓጓዣ ስትቀያይሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ባቡር የላትም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስም ሆነ የሲዳማ ቡና በሐዲድ ይሂድ ከተባለ መጀመሪያ የጅቡቲው ባቡር ወደሚያልፍበት ሞጆ ድረስ በመኪና መውጣት አለበት። አማራጩ አለ፤ ብዙዎች የሚያስታውሱት ግን ጭነቱ ከዘገየ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የባቡሩን ታሪፍ ብቻ ይዞ "ረከሰልኝ" ማለት ነው። እስከ ሞጆ ያለው ወደ 200 ኪሎ ሜትር የመኪና ኪራይ፣ የክሬኑ ማንሻና ማውረጃ፣ ኮንቴነሩ ባቡር ሲጠብቅ የሚቆምበት ቀን ሁሉ ይደመር። ሁለት ኮንቴነር ላለው ሰው በቀጥታ በመኪና መላኩ ሊያዋጣ ይችላል።

ሁለተኛው ከሁሉም ይብሳል፦ ማጓጓዣውን በውል ማሰር። "በባቡር ይጓጓዛል" ተብሎ ከተፈረመ፣ ሐዲዱ ላይ እክል ሲያጋጥም ወደ መኪና ለመዞር እንደገና ድርድር ነው፤ መርከቡ ደግሞ አይጠብቅም። ውሉ ላይ መስፈር ያለበት ኮንቴነሩ ጅቡቲ የሚደርስበት ቀን ነው። በምን እንደሚሄድ አጓጓዡ ይምረጥ። በመኪና ሲሆን ስንት፣ በባቡር ሲሆን ስንት የሚለው ግን አስቀድሞ ይጻፍ፤ አለዚያ ምርጫው የሱ፣ ሂሳቡ የእናንተ ይሆናል።

ቡና ላኪዎች ደግሞ ጆንያውን እንዲሁ መኪና ላይ ጭነው ይልካሉ። ሞጆ ላይ ወደ ባቡር እንቀይር ሲባል ወዛደር ይፈለጋል፦ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር የሚይዘው ወደ 320 ጆንያ ነው፤ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ ሁሉም በትከሻ። ከመነሻው ኮንቴነር ውስጥ ገብቶ የታሸገ ቡና ግን ሳይነካ በክሬን ይሻገራል።

ጨርቅና ክር የምታስመጡ፣ ወረቀቱን አትናቁ። በመልቲሞዳል (ባሕሩንም የብሱንም አንድ አጓጓዥ በሚይዝበት መንገድ) የመጣ ዕቃ በአንድ ቢል ኦፍ ሌዲንግ፣ ማለትም በአንድ የጭነት ሰነድ፣ እንደ ሞጆ እስካለ የአገር ውስጥ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። በዩኒሞዳል (ሰነዱ የባሕሩን ጉዞ ብቻ ሲሸፍን) ግን ጅቡቲ ላይ የሚረከበው አስመጪው ነው። መሐል መንገድ ላይ ሐሳብ መቀየር ስለሚያስቸግር ምርጫው ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ያልቃል።

ምርት ሲዘገይ ትእዛዙን በሙሉ ቦሌ ወስዶ አውሮፕላን ላይ መጫንም የተለመደ ድንጋጤ ነው። ገዢውን ጠይቁት፤ መደርደሪያው ባዶ እንዳይሆን የሚፈልገው ብዙ ጊዜ የተወሰነውን ብቻ ነው። ያ ክፍል በአየር ይሂድ፣ ቀሪው በባሕር ይከተል።