«ጌት» ሁልጊዜ «አገኘ» አይደለም፦ ደጋግሜ የማርማቸው ስህተቶች

እንግሊዝኛ ሳስተምር ከሁሉም ግሦች በላይ ቀይ እስክሪብቶዬን የሚጨርሰው «ጌት» ነው። ችግሩ የሚጀምረው ገና ልጅ ሳለን ነው። ደብተራችን ላይ «ጌት፦ ማግኘት» ብለን እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ ያቺን መስመር ተመልሶ የሚያያት የለም።

ትርጉሙ ስህተት አይደለም፤ የመጀመሪያው ትርጉም ነው። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከቫይኪንጎች ቋንቋ፣ ከጥንታዊው ኖርስ ነው። እዚያም ማግኘት ማለት ነበር። ከዚያ እየሰፋ ሄደ። ነገር ከማግኘት ቦታ ላይ መድረስ መጣ፤ ቦታ ላይ ከመድረስ ደግሞ አንድ ሁኔታ ላይ መድረስ። ስለዚህ «ኢትስ ጌቲንግ ዳርክ» ሲባል እየመሸ ነው ማለት ነው። እዚህ ውስጥ ማንም ምንም አላገኘም።

በተቃራኒው መንገድ የሚመጣው ስህተት ይብሳል። «አገኘ» ያለበት ቦታ ሁሉ «ጌት» ይተከላል። «ጓደኛዬን መንገድ ላይ አገኘሁት» ለማለት «አይ ጋት ማይ ፍሬንድ» የሚል ተማሪ በየዙሩ አለ። ሰው መንገድ ላይ ሲገኝ «ሜት» ነው፤ በአጋጣሚ ከሆነ «ራን ኢንቱ»። የጠፋ ቁልፍ ሲገኝ «ፋውንድ» ነው። «ብደውል አላገኘሁትም» ደግሞ «አይ ኩድንት ሪች ሂም» ይሆናል። የእኛ «አገኘ» ራሱ ብዙ ሥራ የሚሠራ ግሥ ነው። ሥራውን ሁሉ ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አናሸክመው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

ሰው ሌላ ሰው የሠራለትን ሥራ ራሱ እንደሠራው አድርጎ ይናገራል። «ስልኬን አስጠገንኩ» ለማለት «አይ ፊክስድ ማይ ፎን»። እዚህ ላይ ምናልባት ሰሚው ጎበዝ ቴክኒሻን ነህ ብሎ ያልፍሃል። አንዲት ተማሪዬ ግን ሥራ የቀረችበትን ምክንያት ለአለቃዋ ስታስረዳ «አይ ፑልድ ማይ ቱዝ» አለች። ሴትዮዋ ደነገጡ። ልጅቷ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነው የተነቀለችው። እሳቸው የሰሙት ግን ራሷ ጎትታ እንዳወጣችው ነው።

የሚያናድደኝ ስህተቱ ብቻ አይደለም። መፍትሔው አፋችን ላይ መሆኑ ነው። አማርኛ ለዚህ ነገር የተለየ ቅርጽ አለው፦ ጠገነና አስጠገነ፣ ነቀለና አስነቀለ፣ ሰፋና አሰፋ። የአራት ዓመት ሕፃን እንኳን አያምታታቸውም። እንግሊዝኛ ይህን «አስ» የለውም። በምትኩ ያስቀመጠው «ጌት»ን ነው። «አስ» ስትሉ «ጌት» ይምጣላችሁ። አሰካኩም ይህ ነው፦ መጀመሪያ «ጌት»፣ ቀጥሎ ዕቃው፣ መጨረሻ ላይ የግሡ ሦስተኛ ቅርጽ። «አይ ጋት ማይ ፎን ፊክስድ»፤ ስልኬን አስጠገንኩ። «አይ ጋት ማይ ሄር ብሬይድድ»፤ ሹሩባ ተሠራሁ። ቅደም ተከተሉን አታዘዋውሩ። «አይ ጋት ፊክስድ ማይ ፎን» የሚባል ነገር የለም።

በዚህ አላበቃም። «አስፈረምኩት»፣ «አስበላሁት»፣ «አስዋጥኩት» ስንል ለምነን ይሁን አስገድደን አማርኛው አይለይም። እንግሊዝኛ ግን ምረጡ ይላችኋል። አሳምናችሁ ወይም ተለማምጣችሁ ከሆነ «ጌት» ነው፤ አስገድዳችሁ ከሆነ «ሜክ»። ተማሪዎቼ «ሜክ» ይቀናቸዋል። በጨዋታ መሀል ቢሆን ጉዳት የለውም። ግን ብዙ ልጆቻችን አሜሪካም አውሮፓም አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ናቸው። በየፈረቃው ሪፖርት ይጽፋሉ። አንዱ «አይ ሜድ ሂም ኢት» ብሎ ጻፈ። ሽማግሌውን እያባበለ፣ በትዕግሥት፣ ማንኪያ በማንኪያ ነበር ያበላቸው። ወረቀቱ ላይ የቆመው ግን በግድ አበላኋቸው የሚል ነው። ተጠርቶ ማብራሪያ ተጠየቀ። እንዲህ ያለ ደግ ልጅ በአንድ ግሥ ምክንያት እንዲህ ሲሸማቀቅ ማየት ያማል። «አይ ጋት ሂም ቱ ኢት» ቢል ኖሮ ትዕግሥቱም አብሮ ይጻፍለት ነበር። «ቱ»ን ልብ በሉ፦ ከ«ጌት» ጋር ትገባለች፣ ከ«ሜክ» ጋር አትገባም። በእንክብካቤ፣ በሆስፒታል ወይም በሕፃናት ማቆያ ለምትሠሩ ሁሉ፦ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ።

«አስ» እንዲህ ከሆነ «ተ»ስ? እሷም ብዙ ጊዜ «ጌት» ናት። «ተሰረቅኩ» ለማለት «አይ ዋዝ ስቶለን» ይሉኛል። ይህ ማለት ሌባው የወሰደው አንተን ነው። የተዘረፈው ሰው «አይ ጋት ሮብድ» ይላል፤ ዕቃው ከሆነ «ማይ ፎን ጋት ስቶለን»። ፖሊስ ጣቢያ ቆሞ በሰው አገር ቋንቋ ማስረዳት ራሱ ከባድ ነው። ቢያንስ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ሂዱ።

ጋብቻ ላይ ሁለት ስህተት ባንድ ጊዜ ይመጣል፦ «አይ አም ማሪድ ዊዝ ሀር ላስት ይር»። «አም ማሪድ» ባለትዳር ነኝ ነው፣ «ጋት ማሪድ» ደግሞ አገባሁ። ባለፈው ዓመት የሆነው ማግባቱ ነው። የሚከተለውም «ዊዝ» ሳይሆን «ቱ» ነው። «በ2015 ነው የተዋወቅነው» ለማለትም «አይ ኒው ሀር» አይበቃም፤ «አይ ጋት ቱ ኖው ሀር» ወይም በቀላሉ «ዊ ሜት» በሉ።

ቤት ስትደርሱ «ጌት ሆም» ብቻ ነው፣ ያለ «ቱ»። አውቶቡስ፣ ባቡርና አውሮፕላን ላይ «ጌት ኦን»፤ መኪና ውስጥ «ጌት ኢን»። ቆማችሁ መራመድ የምትችሉበት ነገር ከሆነ ብዙውን ጊዜ «ኦን» ነው። «ወራጅ አለ» ለማለት «አይም ጌቲንግ ኦፍ ሂር»። ነቃሁና ተነሳሁ አማርኛም ላይ ይለያያሉ፤ ያንኑ ልዩነት ለ«ዌክ አፕ»ና ለ«ጌት አፕ» ስጡ።

የ«ጌት» ሦስተኛ ቅርጽ «ጋት» ነው ወይስ «ጋትን» የሚለው ክርክር ጊዜ ይበላል። «ጋትን» አሜሪካኖች የፈጠሩት አይደለም። ድሮ እንግሊዝም ይሉት ነበር፣ እነሱ ተዉት፣ አሜሪካ ቀረ። መጠንቀቅ ያለባችሁ አንድ ቦታ ነው። «አይ ሀቭ ጋት ኤ ካር» መኪና አለኝ ማለት ነው። አሜሪካዊ ዘንድ «ጋትን» ከሆነ መኪና ገዛሁ ወይም አገኘሁ ይሆናል። አለኝ ለማለት «ጋትን» አይገባም።

አንዳንድ መምህራን «ጌት»ን ጨርሶ ይከለክላሉ። አልስማማም። ለሥራ ማመልከቻና ለአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰት «ሪሲቭድ»፣ «ኦብቴይንድ»፣ «ቢኬም» ይሻላሉ፤ እሱ እውነት ነው። በንግግር ግን «አይ ኦብቴይንድ ብሬድ» የሚል ሰው የፍርድ ቤት ወረቀት እያነበበ ይመስላል። ዳቦ ስትገዙ «ጋት» በሉ፣ ማንም አይቀየማችሁም።

ከ«ጌት» ጋር የሚጣመሩትን ሁሉ ባንድ ሌሊት ለመሸምደድ የምትሞክሩም አላችሁ። ጉጉታችሁን እወድላችኋለሁ፣ ግን አይያዝም። ከሰማችሁት ዓረፍተ ነገር ጋር አንድ አንድ እያላችሁ ያዙ። «ጌት ባይ» (እንደምንም መኖር) እና «ጌት አሎንግ ዊዝ» (መስማማት) ቶሎ ይጠቅማሉ።

አለቃችሁ መመሪያ ሲሰጣችሁ ደግሞ «አይ ጌት ኢት» አትበሉ። አነጋገሩ ላይ ትንሽ ቁጣ ካለበት «ገባኝ እኮ፣ በቃህ» ይመስላል። የሚባለው «ጋት ኢት» ነው። ቅርጹ ያለፈ ጊዜ ቢሆንም ትርጉሙ «ገብቶኛል፣ እሺ» ነው።