የዳይቪንግ ሻንጣ ስትገዙ መጀመሪያ ባዶውን መዝኑት

ባለ ጎማ የዳይቪንግ ሻንጣ፣ ማለትም ባሕር ውስጥ የመጥለቂያ ዕቃ የሚያዝበትን፣ ልትገዙ ስትሄዱ ሻጭ ቀድሞ የሚያሳያችሁ ኪሱን ነው። የፊን (እግር ላይ የሚደረገው መቅዘፊያ) ኪስ፣ የማስክ (የመጥለቂያ መነጽሩ) ኪስ፣ እርጥብ ልብስ ለብቻው የሚገባበት ኪስ፣ ኪሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ኪስ። ያጓጓል፣ አልክድም። ግን እያንዳንዱ ኪስ ተጨማሪ ጨርቅና ተጨማሪ ዚፕ ነው፣ ያ ደግሞ ኪሎ ነው። ስለዚህ ኪሱን ተዉትና ሚዛን ጠይቁ። ባዶው ሻንጣ ስንት ይመዝናል? ይሄ ሳይመለስ ወደ ቀለምና ወደ ብራንድ አትሂዱ።

ሒሳቡን አብረን እንስራው። ብዙ አየር መንገዶች በኢኮኖሚ ትኬት ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ ነው። የራሳችሁን ዕቃ ይዛችሁ የምትጓዙ ከሆነ ቢሲዲው፣ ማለትም አየር እየተሞላ የሚያንሳፍፈው ጃኬት፣ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይወስዳል። ሬጉሌተሩ፣ ማለትም ከሲሊንደሩ አየር የምትተነፍሱበት ዕቃ፣ ከነቱቦዎቹ 2 ኪሎ ወይም ትንሽ ከፍ ይላል፣ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዌትሱት (ሙቀት የሚጠብቀው የመጥለቂያ ልብስ) ከ2 እስከ 3 ኪሎ፣ ፊን ከነጫማው 3 ኪሎ ገደማ። ማስኩ፣ መብራቱና ጥቃቅኑ ሲጨመር 13 ኪሎ አካባቢ ትደርሳላችሁ። ሻንጣው ራሱ 3 ኪሎ ከሆነ ለልብስና ለሌላው 7 ኪሎ ተረፋችሁ። ሻንጣው 6 ኪሎ ከሆነ ግን 4 ኪሎ ብቻ ናት የቀረችው። “በጣም ጠንካራ ነው” ተብሎ የተሸጠላችሁ ሻንጣ ገና ባዶውን ትርፍ ኪሎ እያስከፈላችሁ ነው ማለት ነው፣ ያውም በሄዳችሁ ቁጥር። እኔ ከ4 ኪሎ ያለፈውን እጄ ላይ አላቆየውም።

ሲሊንደር (የአየር ጋኑ) እና የወገብ እርሳስ (ለመስመጥ የሚታሰረው ክብደት) እዚህ ሒሳብ ውስጥ የሉም። እነሱን የዳይቭ ማዕከሉ ያቀርባል፣ ተሸክሞ መሄድ ልፋት ብቻ ነው።

ትኬታችሁ ላይ ካሉት በረራዎች ደግሞ ትልቁን አውሮፕላን ሳይሆን ትንሹን እዩ። ዳይቪንግ የሚሰራባቸው ደሴቶች ብዙ ጊዜ የሚደረሱት በትንንሽ አውሮፕላን ነው፣ ለምሳሌ ማልዲቭስ ውስጥ ውሃ ላይ የሚያርፉት አውሮፕላኖች የሚፈቅዱት በተለምዶ 20 ኪሎና 5 ኪሎ የእጅ ዕቃ ነው። ዋናው በረራ 30 ቢፈቅድላችሁም መጨረሻ ላይ የሚይዛችሁ ያ 20 ነው። ብዙ ኪሎ የሚያስይዝ ትኬት ያላችሁም ብትሆኑ አንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ ካለፈ አብዛኛው ቦታ አይቀበሉትም፣ ጫኚዎቹም ወገብ አላቸው።

መጠኑን በፊናችሁ ለኩ። ፊን የማይታጠፍ፣ የማይጨመቅ ዕቃ ነውና እሱ ከገባ ሌላው ቦታ ያገኛል። የተለመደው የስኩባ፣ ማለትም ሲሊንደር አዝሎ ለሚጠልቅ ሰው የሚሆነው፣ ፊን ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱና የሻንጣውን ውስጥ ለኩ፣ ምክንያቱም የተጻፈው ቁጥር የውጭው ነው፣ የጎማው ቤት ከታች ብዙ ሴንቲ ሜትር ይበላል። በውጭ በኩል ደግሞ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምረው፣ ጎማና እጀታው ጭምር፣ ከ158 ሴንቲ ሜትር ማለፍ የለባቸውም። ብዙ አየር መንገድ ከዚያ በላይ ያለውን ከመጠን ያለፈ ዕቃ ብሎ ያስከፍላል። ያለ ሲሊንደር ለሚጠልቁ ሰዎች የሚሰራው ረጅሙ ፊን እዚህ ውስጥ አይገባም፣ አትታገሉ፣ የራሱ ረጅም ከረጢት አለው። ከ90 እስከ 100 ሊትር የሚይዝ ለአንድ ሰው ይበቃል። 130 ሊትር የሚይዘውን ስትገዙ “ባዶ ቦታ ይተርፈኛል” ትላላችሁ፣ አይተርፍም፣ ሁልጊዜ የሚሞላው ነገር ይገኛል።

አሁን ወደ ጎማው። ሻንጣ የሚሞተው በጎማው ነው። ጨርቁ ሳይቀደድ፣ ዚፑ ሳይሰበር ጎማው ቀድሞ ይሄዳል። አራት ጎማ ያላቸው፣ በሁሉም አቅጣጫ የሚሽከረከሩት ሻንጣዎች የኤርፖርት ወለል ላይ በአንድ ጣት ይገፋሉ፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን የዳይቪንግ መንገድ ኤርፖርቱ በር ላይ አያበቃም። አሸዋ አለ፣ ጠጠር አለ፣ ጀልባ ጋ የሚያደርስ በጣውላ የተሰራ ድልድይ አለ፣ በጣውላና በጣውላ መሀል ደግሞ ትንሿ ጎማ ልክ የምትሰነቀርበት ክፍተት አለ። በዚያ ላይ እነዚህ ጎማዎች ከሻንጣው ወደ ታች ወጣ ብለው ስለሚንጠለጠሉ ሲወረወር መጀመሪያ የሚመታው እነሱን ነው። ለዚህ ስራ ሁለት ትልልቅ፣ ግማሻቸው ሻንጣው ውስጥ የተቀበሩ፣ በመሀላቸው ሰፊ ርቀት ያለ ጎማዎች ይሻላሉ። ጠበብ ብለው ከተቀመጡ ጥግ ላይ ስትታጠፉ ሻንጣው በጎኑ ይገለበጣል። ዲያሜትራቸው 8 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፣ ጠርዛቸው ላስቲክ ቢሆን ጥሩ፣ ደረቅ ፕላስቲክ ኮብልስቶን ላይ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል።

ሻንጣውን ገልብጡና ጎማው በምን እንደተያዘ እዩ። በብሎን ከሆነ በቁልፍ ፈታችሁ ሌላ ትተካላችሁ። አንዳንዶቹ የሮለር ስኬት ጎማ የሚወስዱ ናቸው፣ እነሱ ወርቅ ናቸው፣ መለዋወጫው በየትም ይገኛል። በሪቬት፣ ማለትም ተመትቶ በሚቀር የማይፈታ ምስማር፣ ከተያዘ ግን ጎማው በተሰበረ ቀን ሻንጣውም አበቃለት። ጎማውን በእጃችሁ አሽከርክሩት፣ ኩሽኔታ ካለው ለስለስ ብሎ ረዘም ላለ ጊዜ ይዞራል፣ ከሌለው ቶሎ ይቆማል።

እጀታውን እስከ መጨረሻው ጎትታችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት። ትንሽ መወዛወዝ ችግር የለውም፣ መልሳችሁ ስትገፉት መንገድ ላይ ከያዘ ግን ተዉት፣ አሸዋ ሲገባበት ይብሳል። ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ነገር የጎንና የታች መያዣ ነው። ይህ ሻንጣ ከመኪና ወደ ጀልባ በሁለት ሰው እየተቀባበለ ነው የሚወጣው፣ በላይ በኩል ብቻ መያዣ ካለው አንዱ ሰው የሚይዘው ያጣል።

ጨውን አትርሱ። ብረት በጨው ቶሎ ይዝጋል፣ ስለዚህ የዚፑ ጥርስ ፕላስቲክ ወይም ናይለን ይሁን፣ ወፍራምም ይሁን። ዚፑን በተለይ ማዕዘን በሚዞርበት ቦታ ደጋግማችሁ ክፈቱት ዝጉት፣ ባዶ ሆኖ እየያዘ ከሆነ ሞልቶ ምን ሊሆን ነው? ጨርቁ ላይ ዲኒየር የሚባል ቁጥር ታያላችሁ፣ 600 ወይም 1680 ይላል። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይወፍራል፣ ክብደቱም ይጨምራል። የእኔ ምርጫ ጎኑ ቀለል ያለ፣ ታቹና ማዕዘኑ ወፍራም የሆነው ነው፣ መሬት የሚነካው እሱ ነውና። ሙሉ በሙሉ ውሃ የማያስገባ ሸራ የሚመስለው ደግሞ ውሃ አያስወጣምም፣ እርጥብ ዌትሱት ውስጡ አድሮ ሲከፈት ሽታው አይጣል ነው። ታቹ ላይ ማፍሰሻ ቀዳዳ ወይም አንድ ጎን መረብ ያለውን ፈልጉ።

ለነገሩ ዕቃውን አድርቆ ለመመለስ ጊዜ የሚያጣ ሰው የለም። በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ሰው ከመጨረሻው ዳይቭ በኋላ አውሮፕላን ለመሳፈር ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ይመከራል፣ ዲኮምፕሬሽን ያለበት፣ ማለትም ወደ ላይ ሲወጣ መንገድ ላይ ቆሞ መጠበቅ የሚያስገድድ፣ ዳይቭ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። ያ ጊዜ ዌትሱቱን ገልብጦ ጥላ ስር ለመስቀል ይበቃል። እርጥብ ዌትሱት፣ እርጥብ ጫማና ውሃ የቋጠረ ቢሲዲ ሲደመሩ ሲሄድ 22 የነበረው ሻንጣ ሲመለስ 25 ይሆናል።

ጀልባ ላይ እያደራችሁ የምትጠልቁ ከሆነ ሌላም ነገር አስቡበት፦ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ደረቅ ቅርፊት ያለው ሻንጣ የሚቀመጥበት የለም። ታጥፎ አልጋ ስር የሚገባ ለስላሳ ሻንጣ እዚያ ላይ ያሸንፋል። ደረቁ ሻንጣ ለሁለት እኩል ስለሚከፈልም ቢሲዲና ፊን በአንድ ላይ ሲገቡ ይጨናነቃል።

ሁሉም ነገር ግን ሻንጣው ውስጥ አይገባም። ሬጉሌተር፣ የመጥለቂያ ኮምፒውተር (ጥልቀትና ጊዜ የሚቆጥረው) እና ማስክ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይሂዱ፣ ከላይ የደመርነው 13 ኪሎም በዚያው ልክ ይቀልላል። ፊን ቢጠፋ ትከራያላችሁ፣ ለዓይናችሁ ልክ የተሰራ ማስክ ግን አይከራይም። መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪዎችም በእጅ ነው የሚያዙት፣ ካርጎ ውስጥ አይፈቀዱም፣ ቢላዋው ደግሞ ተቃራኒው ነው።

አስተሻሸጉ ላይ፦ ፊኖቹን ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ አስጠግታችሁ አስቀምጡ፣ የእግር ማስገቢያቸው ወደ ጎማው ይዙር፣ ውስጡን ካልሲ ጠቅጥቁበት፣ ቅርጹ አይበላሽም። የእጀታው ቱቦዎች ታች ላይ ሁለት ጉብታ ይሰራሉ፣ በመሀላቸው ያለውን ስርጉድ በጫማና በቲሸርት ሙሉት። ቢሲዲውን ውሃውን አፍስሳችሁ፣ አየሩን አውጥታችሁ በጎማው በኩል አስቀምጡ። ከባዱ ወደ ላይ ከሄደ ሻንጣው ሲቆም ይወድቃል። ዌትሱቱን እንደ ብርድ ልብስ ከላይ አልብሱት።

ቁልፍ ብታደርጉበት አይከፋም፣ ግን ናይለን ዚፕ በእስክሪብቶ ጫፍ እንደሚከፈት እወቁ። ከቁልፉ ይልቅ የሚረዳው ላዩ ላይ ትልቅ የዳይቪንግ ምልክት የሌለበት፣ ተራ የሚመስል ሻንጣ ነው፣ ውስጡ ውድ ዕቃ እንዳለ ለማንም አያሳብቅም። ቤት ስትደርሱ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ሻንጣውንም በንጹህ ውሃ እጠቡት፣ ጎማው ላይ ውሃ እያፈሰሳችሁ አሽከርክሩት፣ አሸዋው እስኪወጣ። ዚፑን ክፍት አድርጋችሁ ጥላ ስር አድርቁት፣ ሳይደርቅ አጣጥፋችሁ አታስቀምጡት።