ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም በትእዛዝ መጫን፦ ለጀማሪዎች

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገብቶ የሲ ቋንቋ መማር የጀመረ ተማሪም ሆነ ደሴ ላይ ለአሮጌ ላፕቶፑ ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነፍስ የዘራለት ሰው ብዙ ሳይቆይ ከተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ጀማሪን የሚያደናቅፈው፣ እኔ እንደማየው፣ ትእዛዝ ገልብጦ ከለጠፈ በኋላ ማሽኑ የመለሰውን ሳያነብ ወደሚቀጥለው መዝለሉ ነው። ኡቡንቱና ደቢያን በተባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ላይ ፕሮግራም የሚጭነው አፕት ሊያደርግ ያሰበውን አስቀድሞ ይናገራል፤ ሲሰናከልም ብዙ ጊዜ መፍትሔውን እዚያው ይጽፋል። በመሆኑም ይህ መመሪያ ለትእዛዞቹ የሚሰጠውን ያህል ለመልሶቹም ቦታ ይሰጣል። ትእዛዞቹን እዚህ ያሰፈርኩት እንደሚነበቡ ነው፤ ሲተይቧቸው ግን በትንንሽ የላቲን ፊደላት ይጻፋሉ፤ «ሰረዝ» ያልኩት የ - ምልክት፣ «ስላሽ» ያልኩት ደግሞ የ / ምልክት ነው።

ከሁሉ በፊት የኪቦርዱን ቋንቋ ያረጋግጡ። ተርሚናል የይለፍ ቃል ሲጠይቅ በአብዛኞቹ የኡቡንቱ ቅጂዎች ላይ የሚተይቡት አይታይም፤ ኮከብ እንኳ አይወጣም። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከቀረ ትክክለኛውን ቃል እየጻፉ ማሽኑ አልቀበልም ይልዎታል፤ የችግሩ መነሻ በዓይን ስለማይታይ የይለፍ ቃሉ የጠፋበት መስሎት ሲስተሙን እንደ አዲስ ለመጫን የሚነሳ ሰው አይታጣም። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘው ስፔስ ሲጫኑ ቋንቋው ይቀየራል። በተርሚናል ውስጥ ለመለጠፍ ደግሞ ኮንትሮልና ቪ ብቻ አይበቁም፤ ሺፍት ይጨመርባቸዋል።

የመጀመሪያው ትእዛዝ «ሱዶ አፕት አፕዴት» ነው። «ሱዶ» ቀጥሎ ያለው ሥራ በአስተዳዳሪ ሥልጣን እንዲሠራ ያደርጋል። ይህ ትእዛዝ በመጋዘኑ፣ ማለትም አፕት ፕሮግራሞችን ከሚያወርድበት የኢንተርኔት ማከማቻ ውስጥ ያሉትን ጥቅሎች (ለመጫን የተዘጋጁ የፕሮግራም ፋይሎች) ዝርዝር ብቻ ስለሚያድስ የተጫኑትን ፕሮግራሞች አይነካም፤ እነሱን የሚያድሰው «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» ነው። ሁለተኛው ብዙ ዳታ ሊበላ ስለሚችል ዋይፋይ እስኪገኝ ቢቆይ ይሻላል፤ ይሁን እንጂ የደህንነት ማሻሻያዎች የሚመጡት በእሱ በኩል ስለሆነ ጨርሶ አይተው። ዝርዝሩ ሲታደስ 404 የሚል ቁጥር በተደጋጋሚ ከወጣ የኡቡንቱው ቅጂ ዘመን አልፎበት ይሆናል። ረጅም ድጋፍ ያላቸው ቅጂዎች ለ5 ዓመት፣ ሌሎቹ ለ9 ወር ብቻ ስለሚደገፉ፣ ከሰው በፍላሽ የተቀበሉት ቅጂ የትኛው እንደሆነ ጠይቆ መጫን ተገቢ ነው።

አሁን አንድ ነገር እንጫን። የሲ ፕሮግራም ለመጻፍ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች «ቢልድ ሰረዝ ኢሴንሻል» በሚባል ጥቅል ሥር ተሰብስበዋል። ስሙን በእርግጠኝነት ካላወቁ «አፕት ሰርች» ብለው ቁልፍ ቃል በማስከተል ይፈልጉ፤ ካወቁት የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ጽፈው ታብን ሲጫኑ ተርሚናሉ ራሱ ይሞላልዎታል። የፊደል ግድፈት ጥቅሉ አልተገኘም ለሚለው መልስ ዋነኛ ምክንያት ስለሆነ ታብን መልመድ ብዙ ድካም ያስቀራል። ቀጥሎ «አፕት ሾው ቢልድ ሰረዝ ኢሴንሻል» ሲሉ መግለጫውና መጠኑ ይወጣል፤ መጠኑን ሲያዩ ግን ጥቂት ኪሎ ባይት ብቻ ስለሚል አይሸወዱ። ይህ ጥቅል ራሱ ባዶ ሊባል ምንም የማይቀረው ሲሆን፣ ሥራው ኮምፓይለሩን (የጻፉትን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚቀይረውን) እና ሌሎቹን መሣሪያዎች ጠርቶ ማስመጣት ነው፤ እነሱ ሲደመሩ ወደ ብዙ ሜጋ ባይት ይደርሳሉ።

እውነተኛው ሒሳብ የሚታየው «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቢልድ ሰረዝ ኢሴንሻል» ብለው ኢንተር ሲመቱ ነው። አፕት አብረው የሚጫኑትን ሁሉ በስም ይዘረዝራል፣ ከኢንተርኔት የሚወርደውን መጠን ይናገራል፣ ከዲስኩ የሚያዘውን ቦታ ያስታውቃል፣ ከዚያም ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቃል። በቀሪ ሞባይል ዳታ የሚሠራ ሰው መወሰን ያለበት እዚህ ላይ ነው። ከቀረቡት ሁለት ፊደላት በትልቁ የተጻፈው ኢንተር ብቻ ቢመቱ የሚመረጠው ነው፤ ዋይ ማለት ይቀጥል፣ ኤን ማለት ይቅር ነው። በተለይ የሚወገዱ ጥቅሎች የሚል ርዕስ ያለው ዝርዝር ከወጣ አንድ በአንድ ሳያነቡ ዋይ አይበሉ። ተጨማሪ ጥቅል የማያስፈልገው ፕሮግራም ሲሆን አፕት ሳይጠይቅ እንደሚጀምርም ይወቁ።

በአሮጌ መመሪያዎች ላይ «አፕት ሰረዝ ጌት» የሚል ትእዛዝ ሲያጋጥምዎ ግራ አይጋቡ። አፕት በ1999 እ.ኤ.አ. ከደቢያን 2.1 ጋር ሲወጣ ዋናው ትእዛዙ ይህ ነበር፤ አጭሩ «አፕት» የመጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው።

በእኛ አካባቢ ሊታሰብበት የሚገባው መብራት ነው። በማውረድ ላይ እያለ ቢጠፋ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ያንኑ ትእዛዝ ሲደግሙት አፕት ከቆመበት ይቀጥላል። በመጫን መሀል ከጠፋ ግን ቀጣዩ ሙከራ ዲፒኬጂ (አፕት ያወረደውን ጥቅል በተግባር የሚጭነው ፕሮግራም) ተቋርጧል የሚል መልእክት ያመጣል፤ መልእክቱ ራሱ «ሱዶ ዲፒኬጂ ሰረዝ ሰረዝ ኮንፊገር ሰረዝ ኤ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ ያቀርብልዎታል። እሱን ይፈጽሙ፤ ካልበቃ «ሱዶ አፕት ሰረዝ ሰረዝ ፊክስ ሰረዝ ብሮክን ኢንስቶል» ይከተላል። ሎክ (ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ እንዳይጭኑ የሚከለክል ቁልፍ) ማግኘት አልተቻለም ከተባለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኡቡንቱ ከጀርባ ራሱን እያደሰ ስለሆነ ጥቂት ይታገሱ። የሎክ ፋይሉን አጥፉ የሚሉ ምክሮች አሉ፤ አልስማማም፣ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ የተጫኑትን ጥቅሎች መዝገብ ሲጽፉ ሊበላሽ ይችላልና።

ዳታ ለመቆጠብ ጥቅሎችን ዋይፋይ ካለበት አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። «ሱዶ አፕት ሰረዝ ጌት ኢንስቶል ሰረዝ ሰረዝ ዳውንሎድ ሰረዝ ኦንሊ» ብለው የጥቅሉን ስም ሲያስከትሉ ፋይሎቹ ሳይጫኑ በ«ስላሽ ቫር ስላሽ ካሽ ስላሽ አፕት ስላሽ አርካይቭስ» ውስጥ ይቀመጣሉ። እዚህ ላይ ረጅሙን ትእዛዝ የመረጥኩት አጭሩ «አፕት» ጭኖ ሲጨርስ የወረዱትን ፋይሎች ስለሚያጠፋ ነው። ሁለቱም ማሽኖች አንድ ዓይነት የኡቡንቱ ቅጂ ሊኖራቸው ይገባል፤ ደግሞም አፕት የሚያወርደው ያ ማሽን የጎደለውን ብቻ በመሆኑ፣ የጓደኛዎ ኮምፒውተር ቀድሞ ያለው ነገር በፍላሹ ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ቤት ሲደርሱ ፋይሎቹ ባሉበት ፎልደር ተርሚናል ከፍተው «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ይበሉና ነጥብ፣ ስላሽ፣ ኮከብ፣ ነጥብ፣ «ዴብ» ሳይለያዩ ያስከትሉ። ከፊት ያሉት ነጥብና ስላሽ ከተረሱ አፕት ፎልደሩን ትቶ በዚያ ስም የሚጠራ ጥቅል ከመጋዘኑ ይፈልጋል።

ከድረ ገጽ ላይ ስክሪፕት (ተከታታይ ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) አውርዶ በ«ሱዶ» በቀጥታ የሚያስኬድ ባለ አንድ መስመር ትእዛዝ ምንጩን በሚገባ ካላወቁት አይለጥፉ፤ የማያውቁትን ሰው የኮምፒውተርዎ አስተዳዳሪ ማድረግ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ዕትም ትንሽ ቢያረጅም ለጀማሪ ይበቃል።

ጀማሪ የሚረዱ ከሆነ ኪቦርዱን ለእሱ ይተዉለት፤ እርስዎ ከጎኑ ተቀምጠው የወጣውን መልስ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ይጠይቁት።

የማይፈለግ ፕሮግራም በ«ሱዶ አፕት ሪሙቭ» ይነሳል፤ የሲስተም ቅንብር ፋይሎቹም አብረው እንዲሄዱ «ፐርጅ» ይባላል። ተከትለውት የመጡትና አሁን ማንም የማይጠቀምባቸው ጥቅሎች በ«ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ» ይጸዳሉ፤ እዚህም ዝርዝሩን አይተው ነው የሚፈቅዱት። የተጫነውና የተነሳው ሁሉ ከነቀኑና ከነትእዛዙ በ«ስላሽ ቫር ስላሽ ሎግ ስላሽ አፕት ስላሽ ሂስትሪ ነጥብ ሎግ» ላይ ይመዘገባል። ኮምፒውተሩ ከትናንት ወዲህ ተበላሸ ብለው ሰው ዘንድ ሲሄዱ ይህን ፋይል ከፍተው ቢያሳዩት ምርመራው ግማሽ መንገድ ይሄዳል።